አረማሞ ሰብሉን የሚይዘው መቼ ነው?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አረማሞ ነው። ማሽላ የምታመርቱ በየዓመቱ ታገኙታላችሁ፤ ገብስና ስንዴ የምትዘሩ የደጋ ሰዎችም አትስቱትም። ማሽላው ፍሬ በሚይዝበት ሰሞን ማሳ ውስጥ ስትገቡ፣ ነጭ ወይም ቀይ እህል መያዝ የነበረበት ራስ ጥቁር ዱቄት ይዞ ይቆማል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ወደ ሰማይ ያያል። «ጉም መታው» የሚል አለ፤ «የሰሞኑ ብርድ ነው» የሚልም አለ፤ ዝናቡን የሚወቅስም አይጠፋም።

አየሩ እጅ የለበትም አልልም። አለበት፤ ዛሬ የምንነጋገረውም በዚሁ ጉዳይ ነው። ሆኖም ጥፋተኛው የሰሞኑ አየር አይደለም። ያ የማሽላ ራስ የታመመው ከወራት በፊት፣ ቡቃያው ከመሬት ብቅ ሳይል ነው። የገብሱ ደግሞ ከዚያም ይርቃል፤ ዘንድሮ ጠቁሮ የወጣው ዛላ በሽታው የገባበት አምና፣ ለዘር የተቀመጠው ገብስ አበባ ላይ በነበረበት ሳምንት ነው። ስለዚህ አረማሞን ያየንበትን ቀን አየር ብንመረምር የምናገኘው ነገር የለም። መመርመር ያለብን በሽታው የገባበትን ቀን ነው። እያንዳንዱ የአረማሞ ዓይነት ደግሞ የራሱ ቀን አለው።

አየሩን መጠርጠር የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የስንዴ አረማሞ ገበሬውን ያማርር ነበር። ፍሬውን ከውስጥ በጥቁር ዱቄት የሚሞላና የተበላሸ ዓሣ ሽታ ያለው ዓይነት ነው። አንዱ ጉሙን፣ ሌላው ፍጉን፣ ሌላው የተዘራበትን ጊዜ ይከስስ ነበር። ማቲዩ ቲዬ የሚባል ሰው ትሯ በምትባለው ከተማ አካባቢ አንድ ማሳ በ120 መደቦች ከፋፈለ። የፍጉን ዓይነት ለዋወጠ፣ የመዝሪያውን ቀን ለያየ፣ ከዘሩም አንዳንዱን ሆን ብሎ በጥቁሩ ዱቄት አሸው። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1755 ነው። ፍጉ ምንም ይሁን ምን፣ ቀኑ መቼም ይሁን፣ በሽታው የበዛው ዱቄቱ የነካው ዘር በተዘራበት መደብ ላይ ሆነ። ቲዬ ዱቄቱ መርዝ ይመስለው ነበር። ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን፣ እርጥበት ሲያገኝም እንደሚበቅል በማይክሮስኮፕ አይቶ የጻፈው ስዊዘርላንዳዊው ቤኔዲክት ፕሬቮ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1807 ነበር።

እንግዲህ ዱቄቱ ስፖር የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ የፈንገስ ዘሮች ክምችት ነው። ስፖሩ በሌለበት የትኛውም ብርድ፣ የትኛውም ጉም አረማሞ አያመጣም። ስፖሩ ካለ ግን ከተዘራው ቡቃያ ጥቂቱ ይያዝ ወይስ ብዙው የሚለውን የሚወስነው የአፈሩ ሙቀትና እርጥበት ነው። እዚህ ላይ አየሩ ትልቅ ሥልጣን አለው።

በቆላውና በወይና ደጋው በብዛት ከሚታየው እንጀምር፤ የማሽላ ሽፍን አረማሞ። አንድ የታመመ ራስ ቆርጣችሁ ወደ ዓይናችሁ አስጠጉት። ፍሬው መሆን በነበረበት ቦታ ከጤናማው ፍሬ ረዘም ያለ፣ ጫፉ ሾል ያለ፣ ግራጫ መልክ ያለው ትንሽ ከረጢት ታያላችሁ። ሽፋኑ ስስ ነው። በጥፍር ጫን ስትሉት ይሰነጠቃል፤ ከውስጡ የሚወጣው ዱቄት እንደ ጥቀርሻ ጣት ላይ ይቀራል። ዱቄቱ ሲራገፍ መካከል ላይ ጠንከር ያለች ቀጭን ዘንግ ትቀራለች። አንዳንዴ ራሱ በሙሉ እንዲህ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ በጤናማ ፍሬ መካከል ጥቂት ከረጢቶች ብቻ ተሰግስገው ይገኛሉ። ለዘር አደገኛው ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም ሳይታይ ያልፋል።

እነዚህ ከረጢቶች አብዛኛውን ጊዜ ማሳ ላይ አይፈነዱም። የሚፈነዱት አውድማ ላይ ነው። በሬው ሲያበራየው፣ ወይም በዱላ ሲወቃ፣ ዱቄቱ ተነሥቶ ጤናማው ፍሬ ላይ ያርፋል። የምናየው ጤናማ ማሽላ ነው፤ ጎተራ ይገባል፣ ለዘርም ይቀመጣል። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ስፖሩ ፍሬው ላይ እንደተቀመጠ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አፈር ላይ የወደቀው ግን ብዙም አይቆይም፤ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል፣ የሚገባበት ቡቃያ ሲያጣም ይሞታል። ስለዚህ ሽፍን አረማሞ ከዓመት ዓመት የሚሸጋገረው በዋናነት በዘሩ ነው። ይህን መያዝ ጠቃሚ ነው፤ መሬቱን ሳይሆን ዘሩን ማከም ያዋጣል ማለት ነውና።

አሁን ወደ መዝሪያው ቀን እንሂድ። ማሽላው ተዘራ፣ አፈር ተመለሰበት። እርጥበት ሲያገኝ ዘሩም ስፖሩም አብረው ይበቅላሉ። ቡቃያው ወደ ላይ ይገፋል፤ ፈንገሱም ቀጭን ክሩን ወደ ቡቃያው ለማስገባት ይሞክራል። ማስገባት የሚችለው ቡቃያው ከአፈር በታች ሳለ፣ አካሉ ለጋ በሆነበት ጊዜ ብቻ ነው። ብቅ ካለ በኋላ አይሳካለትም። ቀድሞ የገባው ግን ወደሚያድገው ጫፍ ይደርስና ከተክሉ ጋር አብሮ ያድጋል። ተክሉ በቁመቱም በቅጠሉም ከጎረቤቱ የተለየ ስለማይመስል በኩትኳቶ ጊዜ፣ በሽልሻሎ ጊዜ ማንም አያውቅበትም። ራስ ሲያወጣ ነው የሚታወቀው።

ከአፈር በታች የሚያልፉት ቀናት ቁጥር ወሳኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አፈሩ ሞቅ ካለና እርጥበቱ ከበቃ፣ ማሽላ በአራት በአምስት ቀን ብቅ ይላል፤ ፈንገሱ ጊዜ ያጥረዋል። አፈሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ወይም ዝናቡ ጠብ ብሎ ሲቋረጥ፣ ያው ዘር አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ለሽፍን አረማሞ በጣም የሚመቸው የአፈር ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ከዚያ ዝቅም ከፍም ባለ ሙቀት መያዙ አይቀርም፤ መጠኑ ግን ይቀንሳል። እርጥበቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው። ውኃ የጠገበ፣ አየር ያጣ አፈር ለዚህ ፈንገስ አይመቸውም። የሚስማማው ዘሩን ለማስበቀል ያህል ብቻ የረጠበ፣ ወደ ደረቅነት ያዘነበለ አፈር ነው።

ይህን ከወሎና ከሐረርጌ የዘር ወቅት ጋር ስታስተያዩት ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉት ረጅም ጊዜ የሚወስዱ የአካባቢ ማሽላዎች የሚዘሩት በሚያዝያ፣ የበልጉን ዝናብ ተከትሎ ነው። የበልግ ዝናብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ይጥላል፣ ሳምንት ይጠፋል። አፈሩ ጎርፍ አያይም፣ ፈጽሞም አይደርቅም፤ ዘሩ ግማሽ በቅሎ ይቆያል። በሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች በዚህ ላይ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ይጨመራል። ፈንገሱ የሚፈልገው ሁሉ በአንድነት ይገኛል ማለት ነው።

ታዲያ «ዘግይታችሁ ዝሩ» ልበላችሁ? አልልም። በሚያዝያ የሚዘራውን ማሽላ የምትመርጡት ምርቱ፣ አገዳው፣ ለከብት የሚሆነው ገለባ ስለሚበልጥ ነው። ሰኔ ላይ ብትዘሩት መስከረም ሲደርቅ ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል። አረማሞን ፈርቶ ሰብሉን በድርቅ ማስበላት ምክር አይሆንም። የምለው እንዲህ ነው፦ ቀድሞ የሚዘራ ዘር ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ ከታወቀ፣ ይበልጥ መታከም ያለበትም እሱ ነው። የሰኔው ዘር ሞቅ ባለና በደንብ በረጠበ አፈር ቶሎ ስለሚበቅል አደጋው ይቀልለታል፤ የሚያዝያው ዘር ግን ሳይታከም መሬት መግባት የለበትም።

ጥልቀትም አለ። በትን ተዘርቶ በማረሻ ሲገለበጥ፣ አንዳንዱ ፍሬ ላይ ላዩን ሲቀር አንዳንዱ ጠልቆ ይቀበራል። ጥልቅ የገባው ወደ ላይ ለመውጣት ብዙ ቀን ይፈልጋል፤ እነዚያን ቀናት ሁሉ ፈንገሱ ይጠቀምባቸዋል። በመስመር የምትዘሩ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። ዝናብ መትቶት የተጋገረ አፈርም ቡቃያውን ስለሚያቆየው ያው ጉዳት አለው።

ሕክምናውን በሚመለከት መጀመሪያ የሚመጣው ገንዘብ የማይጠይቀው ነው። የዘር ማሽላ ከአውድማ አይመረጥም። እህሉ ቆሞ ሳለ ማሳ ውስጥ ገብታችሁ፣ ዙሪያውን አረማሞ ከሌለበት ቦታ፣ ራሱን እየገለበጣችሁ እያያችሁ ምረጡ። ለብቻው ቁረጡት፣ ለብቻው አድርቁት፣ ለብቻው በንጹሕ ቦታ ውቁት። እናቶቻችን የዘር ማሽላን ከነራሱ ከምድጃ በላይ የሚሰቅሉት ለነቀዝ ብለው ነው፤ ሳይወቃ ተለይቶ መቆየቱ ግን ከአውድማው ዱቄትም ያድነዋል። አውድማው ላይ ከሌላው ጋር ተደባልቆ የተወቃ እህል ምግብ ይሁን እንጂ ዘር አይሁን።

የተቀላቀለ ዘር ብቻ ካላችሁ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ አሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ስፖሩ አለ። ውኃ ውስጥ ስትጨምሩት ያልፈነዱት ከረጢቶች ይንሳፈፋሉ፣ ጤናማው ይሰጥማል። መንሳፈፉ ከረጢቱን ለመልቀም ይረዳል፤ ፍሬው ላይ የተለጠፈውን ዱቄት ግን ሙሉ በሙሉ አያጥብም።

በወሎ አርሶ አደሮች የላም ሽንት አጠራቅመው ለቀናት ካቆዩት በኋላ ዘሩን ለአጭር ጊዜ ነክረው፣ አድርቀው ይዘራሉ። ይህ ከንቱ ልማድ አይደለም፤ ተመራማሪዎች ሞክረውት ሽፍን አረማሞን እንደሚቀንስ አይተዋል። ምክንያቱም በሽታው ያለው ከፍሬው ላይ፣ ከውጭ ነው፤ የሚደርስበት ነገር ሁሉ ሊገድለው ይችላል። ሽንቱ ብዙ ከቆየበት የዘሩን የመብቀል አቅም ስለሚጎዳ፣ አስቀድማችሁ 100 ፍሬ ነክራችሁ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አስበቅሉና ቁጠሩ። እንደ ታይራም ያሉ የዘር ማሻ ኬሚካሎችም በዚሁ ምክንያት ሽፍን አረማሞን በደንብ ይከላከላሉ።

ኬሚካል ካነሣሁ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በመድኃኒት የታሸ ዘር በምንም ምክንያት አይበላም፤ ለዶሮም አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ኢራቅ ውስጥ በድርቅ ለተጎዱ ገበሬዎች በሜርኩሪ መድኃኒት የታሸ የስንዴና የገብስ ዘር ታድሎ ነበር። ዘሩ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን ሰዎቹ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ሰዎች ዘሩን አጥበው፣ ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መስሏቸው ፈጭተው ጋግረው በሉት። ሆስፒታል ከገቡት ከ6,500 በላይ ሰዎች 459ኙ ሞቱ። ዛሬ ያ የሜርኩሪ መድኃኒት ለዘር አይውልም። ነገር ግን ክረምት ላይ ጎተራው ባዶ ሆኖ የዘር ከረጢት ብቻ የቀረበት ቤት በእኛም አገር አለ። የታሸ ዘር ካላችሁ ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ፤ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ፤ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ አርሲና ባሌ የገብስ ማሳዎች። እዚያ የሚታየው ልቅ አረማሞ ነው። ልቅ የተባለው ዱቄቱን የሚይዝ ጠንካራ ሽፋን ስለሌለው ነው። ዛላው ሲወጣ ጠቁሮ ይወጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነፋስ ዱቄቱን ጠራርጎ ይወስደውና ባዶ አከርካሪ ብቻ ይቀራል። አጨዳ ሲደርስ ማሳው ውስጥ ብትገቡ ላታዩት ትችላላችሁ። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የደረሰበትን ጉዳት አያውቀውም።

ይህ ፈንገስ ሥራውን የሚሠራው በሌላ ቀን ነው። የታመመው ዛላ ከጤናማው ጥቂት ቀደም ብሎ ይወጣል። ዱቄቱ በነፋስ በሚበተንበት ጊዜ ጎረቤቶቹ ልክ አበባ ላይ ይደርሳሉ። ስፖሩ የተከፈተ አበባ ውስጥ ይወድቃል፣ ይበቅላል፣ በመፈጠር ላይ ያለው ፍሬ ውስጥ ዘልቆ ሽሉ ጋ ይተኛል። ፍሬው ሞልቶ ይበስላል፤ ቢሰብሩት እንኳ በዓይን የሚታይ ነገር የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ሲዘራ ነው የተኛው የሚነቃው።

የሚመቸው አየር ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ሙቀት፣ ደመና፣ ጤዛ ወይም ቀላል ካፊያ፣ ለስላሳ ነፋስ ነው። የደጋው ክረምት መውጫ እንዲህ ያለ ነው። ደረቅና ሞቃት አየር ከሆነ አበባው ቶሎ ይዘጋል፣ ስፖሩም ሳይበቅል ይደርቃል። ከባድ ዝናብ ደግሞ ዱቄቱን ከአየር ላይ አጥቦ መሬት ያወርደዋል። አበባው ለበሽታው የሚጋለጠው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ የአንድ ሳምንት አየር የሚቀጥለውን ዓመት ማሳ ይወስናል። አንዳንድ የገብስ ዝርያዎች ዛላቸው ከእቅፉ ሳይወጣ፣ አበባቸውም ሳይከፈት ይዳቀላሉ፤ እነዚህ በአብዛኛው ያመልጣሉ።

ስለዚህ ለገብስ የምመክረው አንድ የግል ማስታወሻ ነው። ገብሱ ሲያብብ የነበረውን አየር ልብ በሉ። ካፊያና ጤዛ የበዛበት ሰሞን ከነበረ፣ በአካባቢያችሁም የጠቆሩ ዛላዎች ከታዩ፣ ከዚያ ማሳ ዘር አታስቀሩ፤ ለምግብ አድርጉት፣ ዘሩን ከሌላ አምጡ። ከጎረቤት ዘር የምትለዋወጡም ከሆነ፣ ማሳውን ማየት ያለባችሁ በአበባው ሰሞን ነው። አጨዳ ላይ ሄዶ ፍሬውን በእጅ ማገላበጥ አይጠቅምም። የላም ሽንትም ሆነ ላይ ላዩን የሚቀር ማንኛውም መድኃኒት ከፍሬው ውስጥ ያለውን አይነካውም። ለልቅ አረማሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚሠራ ዓይነት ያስፈልጋል፤ የግብርና ባለሙያችሁን ስትጠይቁ «የገብስ ልቅ አረማሞ» ብላችሁ ለይታችሁ ንገሩት።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የፑንጃብ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሉትራ የተባለ ሕንዳዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ልቅ አረማሞ ያለበትን የስንዴ ዘር በፀሐይ ማከም እንደሚቻል አሳየ። ዘሩ በበጋ ጠዋት ለአራት ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ በስሱ ተሰጥቶ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ላይ ይውላል። እርጥበቱ የተኛውን ፈንገስ ይቀሰቅሰዋል፤ የነቃ ፈንገስ ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ ፀሐዩ ይገድለዋል። ነገር ግን የፑንጃብ በጋ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ነው። የደብረ ብርሃን ፀሐይ ቆዳ ያቃጥላል እንጂ ዘሩን እንደዚያ አያሞቀውም። ዘዴውን ደጋ ላይ እንዳለ መገልበጥ ነክሮ ማበላሸት ይሆናል።

በቆሎ ላይ የሚወጣውን የአረማሞ እብጠትም በአጭሩ ልንካው። እሱ በቁስል በኩል በቀላሉ ይገባል፤ በረዶ የመታው፣ በኩትኳቶ የተጎዳ፣ በድርቅ ቆይቶ ድንገት ዝናብ ያገኘ በቆሎ ይበዛበታል። ዩሪያ ከመጠን በላይ የተሰጠው ማሳም እንደዚሁ። ሜክሲኮዎች እብጠቱን ለጋ ሳለ ዊትላኮቼ ብለው ይበሉታል፤ ገበያ ላይም ይሸጣል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የማሽላና የበቆሎ የራስ አረማሞ ነው። ይኼኛው እንደ ሽፍኑ ፍሬን በፍሬ አይተካም። የማሽላው ራስ በሙሉ አንድ ትልቅ እብጠት ሆኖ፣ በነጭ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል። ሽፋኑ ሲቀደድ ዱቄቱ በነፋስ ማሳው ላይ ይበተናል። ከሽፍኑ የሚለየው ዋናው ነገር ስፖሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት መቆየቱ ነው። እሱም ቡቃያውን የሚይዘው ከመሬት በታች ሆኖ ነው፤ ከ21 እስከ 28 ዲግሪ የሞቀና ደረቅ ያለ አፈር ይስማማዋል። ከ25 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ያለ አፈር ሽፍኑን አረማሞ ሲቀንስ ለዚህኛው ግን ይመቸዋል ማለት ነው። ዘር ማሸት ብቻውን አያቆመውም፤ ጠላቱ ዘሩ ላይ ሳይሆን መሬቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ስለዚህ በዚህኛው ላይ መቅደም ያስፈልጋል። ማሽላው ራስ ማውጣት ሲጀምር በየሁለት በየሦስት ቀኑ ማሳውን ዙሩ። ነጩ ሽፋን ሳይቀደድ ያገኛችሁትን እብጠት በማዳበሪያ ከረጢት አልብሱት፣ ከሥሩ ቁረጡት፣ ከማሳው አውጥታችሁ አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት። ለከብት አይሰጥም፣ ወደ ፍግ ክምርም አይጣልም፤ ፍጉ ተመልሶ ማሳ ይገባልና። በዚያ መሬት ላይ በሚቀጥሉት ዓመታት ማሽላም በቆሎም አትመላልሱበት፤ ጤፍ፣ ማሾ ወይም ሽምብራ፣ እንደ አካባቢያችሁ፣ ተራ ይያዙ። ጎረቤታችሁ ማሳ ላይ ካያችሁም ንገሩት፤ ነፋሱ ድንበር አያውቅምና አብራችሁ ብትለቅሙት ለሁለታችሁም ይበጃል።